ባልየውን ጥሩልኝ

ደብረ ማርቆስ ጎረቤቴ የነበረች ልጅ ባለፈው ሳምንት የጻፈችውን ልብ ወለድ በስልኬ ላከችልኝ። እኔው ነኝ ያዋለድኳት። የፍቅር ታሪክ ነው፤ የሚዋደዱ ባልና ሚስት ልጅ አጥተዋል። ሁለት መጨረሻ ጽፋለታለች። «እትዬ፣ ልጅ ልስጣቸው ወይስ ልከልክላቸው?» አለችኝ።

ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። መልስ ግን አልሰጠኋትም። ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄደብኝ። ለእሷ ልጽፍ የጀመርኩትን እናንተም፣ እኩዮቿ፣ ብታነቡት አልጠላም።

በ1988 ዓ.ም ከጮቄ ሥር ባለች ትንሽ ከተማ ነርስ ነበርኩ። የዚያ አገር ክረምት አይጣል ነው። ካጠገባችን ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይገባል፤ ጭቃው ጫማ ያስወልቃል። በገበያ ቀን አንዲት ሴት ትመጣ ነበር። ካገባች አራት ዓመቷ ነው፣ አልወለደችም። ባሏ አብሯት ይመጣል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ያኔ ወንድ የሴቶች ክፍል ከገባ ነውር ነው። እሷ የላስቲክ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ትገባለች። እሱ ቁጢጥ ይልና ጭቃውን በስንጥር ይፍቃል፣ በሣር ይወለውላል። ስትወጣ እንዲመቻት አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙሮ ያስቀምጥላታል። በመስኮት አየው ነበር። ሦስት ዓመት አየሁት። አንድ ቀን እንኳ «ባልየውን ጥሩልኝ» አላልኩም።

ካርዱ ላይ ያለው የእሷ ስም ብቻ ነው። የወር አበባዋን ጠየቅኩ፣ ሆዷን ዳሰስኩ፣ ቫይታሚን ሰጠሁ፣ «ታገሺ» አልኳት። ችግሩ ከወንዱም ሊሆን እንደሚችል ተምሬዋለሁ እኮ! የዘር ፈሳሹ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ሌላ ብዙ ጣጣ የለውም። ሆስፒታል መላኪያ ወረቀቱን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ባልን «አንተም ተመርመር» ማለት እንደ ስድብ ስለሚቆጠር ፈራሁ።

በሦስተኛው ዓመት ብቻዋን መጣች። ጫማዋ በር ላይ እንደ ጨቀየ ቆሟል። ቤተሰቦቹ «ዘር አታስቀርም» ብለው አፋተዋቸዋል። እሱ ሽማግሌዎቹ ፊት አልቅሷል አሉ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ባል አግብታ፣ ነፍሰ ጡር ሆና መጣች። ሆዷን ስለካ እጄ ተንቀጠቀጠ። ቀና ብላ «እሱስ ወልዶ ይሆን?» አለችኝ። ሌላ ሚስት አግብቶ እንዳልወለደ ሰምቼ ነበር። «እንጃ» አልኳት።

እንግዲህ ልጄ፣ ልብ ወለድሽ ውስጥ ሚስቲቱ 11 ጊዜ ሐኪም ቤት ሄደች፤ ቆጥሬዋለሁ። እሱ አንዴም አልሄደም። አስገቢው። ያለ መከላከያ 1 ዓመት አብረው ኖረው ካልተፀነሰ ሁለቱም ይመርመሩ። እሷ 35 ካለፈች ደግሞ ከ6 ወር በላይ አይጠብቁ። «መካን» የሚለውን ቃል ከአማቲቱ አፍ በቀር ከየትም አውጪው።

ጸበሉንም አታጥቂው። የእኔዋ ሴት ግሽ ዓባይ ድረስ በእግሯ ሄዳለች። እናቴም ወንድሜ ሲታመም እዚያው ወስዳን ነበር፤ ከውኃው ብርድ የተነሳ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ትዝ ይለኛል። ጸበል የሄደ ሰው ሐኪም ቤት አይሄድም ያለው ማነው?

የአሁን ልጆች ከእኛ ይልቅ ደፋሮች ናችሁ፣ በግልጽ ታወራላችሁ። ሠርግ በተበላ በ3ኛው ወር የሙሽራዋን ሆድ ማየት ግን እናንተም አልተዋችሁም። «ምን አዲስ ነገር አለ?» ትሏታላችሁ። መውለድ መቸገር በዓለም ላይ ከ6 ሰው አንዱን በዕድሜው የሚያጋጥመው ነገር ነው፤ ምን ብላ ትመልስላችሁ?

ስለ መጨረሻው፣ መንታ የሚወልዱበትን ተዪው። ልጅ የካሳ ክፍያ አይደለም። ሳይወልዱ አብረው ሲያረጁ አሳዪን፤ እንደዚያ ያሉ ጎረቤቶች አሉኝ፣ ከማንም በላይ ይዋደዳሉ። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ ዘልዬ መጀመሪያ ያነበብኩት የመንታውን ነው። አልቅሻለሁም። እና ምን ልበልሽ?

የጫማውን ነገር ከፈለግሽው ውሰጂው። ጥቁር ላስቲክ ነበር፤ የግራው ተረከዝ በሽቦ የተሰፋ።