ልብ በሰመመን ውስጥ ሲዘገይና ሲፈጥን፦ የአንባቢያን ጥያቄና የሐኪሙ መልስ

ጥያቄ፦ ከሁለት ወር በፊት የሐሞት ከረጢት ጠጠር በላፓሮስኮፒ (በሆድ ላይ በሚከፈቱ ትናንሽ ቀዳዳዎች በኩል በሚሠራ ቀዶ ሕክምና) ወጥቶልኛል። ዕድሜዬ 41 ነው፤ ከዚያ በፊት ልቤን አሞኝ አያውቅም። በማግስቱ ሐኪሞቹ ሲጎበኙኝ አንደኛው፣ ሆዴ በጋዝ ሲነፋ የልቤ ምት በደቂቃ ወደ 32 ወርዶ እንደነበረና በመድኃኒት እንደተመለሰ ነገረኝ፤ ብዙም ሳያብራራልኝ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌሊት እየነቃሁ የእጄን ትርታ እቆጥራለሁ። ታናሽ እኅቴ ደግሞ በሚቀጥለው ወር የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ አላት። ልቤ ታሟል ማለት ነው? ነገሩ በዘር የሚመጣ ከሆነስ እኅቴ ቀጠሮዋን ትሰርዝ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ አስቀድሜ ስለ ሌሊቱ ቆጠራ ልናገር። ከጻፉልኝ ዝርዝር እንደምረዳው፣ በዚያች ሰዓት የሆነው ነገር የልብ ሕመም ምልክት ሳይሆን፣ ጤነኛ ልብ በሆድ ውስጥ ለተፈጠረ ድንገተኛ መወጠር የሰጠው ምላሽ ይመስላል። ስለዚህ ሌሊት ይተኙ።

የልብ ምት የሚነሣው በቀኙ የልብ ክፍል ላይኛው በኩል ካለች አነስተኛ የሕዋሳት ስብስብ ነው። ይህችን ስብስብ ሁለት ዓይነት ነርቮች ያዟታል፤ አንደኛው ያፈጥናታል፣ ሁለተኛው፣ ቬገስ የሚባለው፣ ያዘገያታል። ዐርፎ የተቀመጠ አዋቂ ሰው ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ የሚመታው የሁለቱ ጉተታ ሲመጣጠን ነው። የሰመመን መድኃኒቶች ይህን ሚዛን ይለውጡታል፤ ለማስተኛት የሚሰጠው ፕሮፖፎልና ለሕመም ማስታገሻ የሚሰጠው ፈንታኒል ልብን ወደ መዘግየቱ የማድላት ጠባይ አላቸው። በላፓሮስኮፒ ጊዜ ደግሞ የሆድ ግድግዳ ከአንጀት እንዲርቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ሆድ ይነፋል፤ ግፊቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ሆድ ዕቃን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን በዚህ ጊዜ ሲለጠጥ ቬገስ ይቀሰቀሳል፤ በተለይም ጋዙ በፍጥነት ከገባ ልብ ባንድ አፍታ በጣም ሊዘገይ፣ አልፎ አልፎም ለጥቂት ሴኮንዶች ሊቆም ይችላል።

ይህ ዓይነቱ ምላሽ በግልጽ የሚታየው በልጆች የዓይን መንሸዋረር ቀዶ ሕክምና ላይ ነው። በታካሚው ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ለእያንዳንዱ የልብ ምት አንድ ድምፅ ያሰማል፤ የደሙ ኦክስጅን ሲቀንስ ድምፁ እየወፈረ ይሄዳል። ስለዚህ እኛ የሰመመን ባለሙያዎች መድኃኒት እየቀዳን ወይም ጀርባችንን ለስክሪኑ ሰጥተን ሳለን እንኳ በጆሯችን ታካሚውን እንከታተላለን። ቀዶ ሐኪሙ የሕፃኗን የዓይን ጡንቻ በመንጠቆ ሳብ ሲያደርግ፣ በደቂቃ 110 ይል የነበረው ምት ድንገት ይራራቅና ወደ 50 ይወርዳል። «ይልቀቁት» እላለሁ፤ ሐኪሙ እጁን ያላላል፤ ድምፁም በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ወደ ቀድሞው ፍጥነቱ ይመለሳል። ሕፃኗ በጉንጮቿ ላይ የቀለም ለውጥ እንኳ ሳይታይባት ሥራው ይቀጥላል። የዓይን ጡንቻና የልብ ምት እንዲህ መያያዛቸው በሕክምና ጽሑፍ ከተገለጸ እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በእርስዎ ሆድ ላይም የተደረገው ተመሳሳይ ሳይሆን አይቀርም፤ ጋዙ ይተነፍሳል፣ አትሮፒን የተባለው ልብን የሚያፈጥን መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል፣ ምቱ ሲመለስ ሆዱ በዝግታ እንደገና ይነፋል።

ባልደረባችን ይህንኑ አልጋዎ አጠገብ ቆሞ በሁለት ዐረፍተ ነገር ቢነግርዎ ኖሮ ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ ባላጡ ነበር፤ ይህ ከልብ ያሳዝነኛል። አሁንም ቢሆን ወደታከሙበት ሆስፒታል ሄደው የሰመመን መዝገብዎን ቅጂ የመጠየቅ መብት አለዎት። በወረቀቱ ላይ ምቱ በስንት ሰዓት እንደወረደ፣ እስከ ስንት እንደደረሰ፣ የትኛው መድኃኒት እንደተሰጠና ልብ ወዲያው መመለስ አለመመለሱ ተጽፎ ይገኛል። ወደፊት ለወሊድም ሆነ ለሌላ ቀዶ ሕክምና ሲቀርቡ ይህን ወረቀት ለሰመመን ባለሙያው ያሳዩት፤ ከሰመመኑ በፊት አትሮፒኑን ቀድቶ ያዘጋጃል፣ ቀዶ ሐኪሙም ጋዙን በዝግታ እንዲያስገባ አስቀድሞ ይነግረዋል። በወገብ መርፌ በሚሰጠው ማደንዘዣም ልብ ሊዘገይ ስለሚችል ወረቀቱ እዚያም ይጠቅማል፤ መድኃኒቱ ወደ ላይ ከፍ ብሎ የደረትን ክፍል ካደነዘዘ ልብን የሚያፈጥኑትን ነርቮች ያግዳቸዋልና። ራስዎን ስተው የወደቁበት ጊዜ ካለ፣ ወይም ደረጃ ሲወጡ የሚያዞርዎ ከሆነ ግን ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ይነሡና የልብ ሐኪም ይመልከተው።

ወደ እኅትዎ ልመለስ። የእርስዎ ዓይነቱ መዘግየት በዘር የሚተላለፍ ሕመም ስላልሆነ በዚህ ምክንያት ቀጠሮዋን አትሰርዝ። በዘር የሚሄዱት ሌሎች ናቸው፤ ከቤተሰባችሁ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ ወይም በሰመመን ላይ ሳለ ሰውነቱ እንደ እሳት ግሎና ጡንቻው ገትሮ ለሞት የተዳረገ ካለ፣ ያንን ለሰመመን ባለሙያው መናገር ግዴታ ነው።

የእኅትዎ ልብ የሚያሰጋው በተቃራኒው በኩል፣ በመፍጠን ነው። እንቅርት ሁሉ አንድ አይደለም። በደጋው አገራችን በአዮዲን እጥረት የሚያብጠው ብዙው እንቅርት የሆርሞን መጠኑ የተስተካከለ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለ እንቅርት ያለው ሰው ልቡ እንደማንኛውም ሰው ልብ ነው። ከመጠን በላይ ሆርሞን የሚያመነጨው እንቅርት ግን ልብን ቀንና ሌሊት ይጋልባታል፤ ሰውየው ይከሳል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሙቀት አይችልም፣ ያልበዋል። ይህ ሳይስተካከል ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከተገባ፣ ምቱ በሰመመን ውስጥም ሆነ ከተነቃ በኋላ ባሉት ሰዓታት ከልክ በላይ ሊፈጥን፣ ሥርዐቱን ሊያጣ፣ ትኩሳትም ተጨምሮበት ሕይወትን ሊያሰጋ ይችላል። ስለዚህ የደም ምርመራ ውጤቷን ይጠይቁ። ሆርሞኗ ከፍ ያለ ከሆነ ለሳምንታት መድኃኒት ወስዳ፣ ልቧም በፕሮፕራኖሎል ረግቶ ትቅረብ፤ ለዚህ ሲባል ቀጠሮዋ ቢራዘም አትዘን፣ ጊዜው አልባከነም።

አንድ ነገር ጨምራ ለሰመመን ባለሙያዋ ብትጠይቅ ደስ ይለኛል። በአንገት ቀዶ ሕክምና ላይ ደም እንዳይበዛ አንዳንድ ቀዶ ሐኪሞች ከቆዳው ሥር አድሬናሊን ይወጋሉ። በአገራችን ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ያገለገለው ሀሎቴን የተባለው ሰመመን ደግሞ የልብን ጡንቻ ለአድሬናሊን እጅግ ስሜታዊ ስለሚያደርገው ሁለቱ ሲገናኙ የተዛባ ምት ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ክሎሮፎርም የተባለው የጥንቱ ሰመመን ይሰጥ በነበረበት ዘመን ብዙ ታካሚዎች በድንገት ሲሞቱ ምክንያቱ ያልታወቀ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1911 ሌቪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ጥልቀት በሌለው ክሎሮፎርም ላይ ላሉ ድመቶች አድሬናሊን በመስጠት ልባቸው መምታቱን ትቶ ሲርገበገብ አሳየ። ጥያቄዋ አጭር ነው፤ «ሰመመኑ ሀሎቴን ከሆነ የአድሬናሊኑን መጠን ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ተነጋግራችሁበታል?» ብትል ማንም አይቀየማትም።

በዚሁ አጋጣሚ በልጅነታቸው ተደጋጋሚ የጉሮሮ ሕመም ያመጣው የሩማቲክ የልብ ሕመም ላለባቸው አንባቢያን አንድ ነገር ላሳስብ። በአገራችን በርካታ ወጣት ሴቶች የግራው የልብ በር ጠቦባቸው ይኖራሉ። በእነርሱ ላይ 120 የሆነ ምት ከሌላው ሰው ጋር አንድ አይደለም፤ ደሙ በጠበበው በር የሚያልፍበት ጊዜ ስለሚያጥር ወደ ኋላ ተመልሶ ሳንባቸውን በውኃ ይሞላዋል። ስለዚህ ሕመማቸውን፣ የሚወስዱትን ዲጎክሲንና ዋርፋሪን ሳይቀር፣ ገና በቀጠሮው ጊዜ ይናገሩ።

ጥያቄ፦ አባቴ 67 ዓመታቸው ነው፤ ለግፊታቸው አቴኖሎል ለዓመታት ሲወስዱ ቆይተዋል። ለቡአ ቀዶ ሕክምና ሲቀጠሩ «ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በአፍዎ ምንም እንዳይገባ» ተባሉ፤ እርሳቸውም ጥንቁቅ ስለሆኑ ከዋዜማው ማታ ጀምረው ኪኒኑን ተዉት። ጠዋት ልባቸው 130 ሲመታ ተገኝቶ ቀጠሮው ተላለፈ። ጥፋቱ የማን ነው? (ከጎንደር)

መልስ፦ የአባትዎ አይደለም፤ የታዘዙትን በትክክል ፈጽመዋል። ያጠፋነው እኛ ነን፤ ትእዛዙን ስንሰጥ መድኃኒቱን ለይተን አልተናገርንም። ጾሙ የታዘዘው ምግብ ከሆድ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ነው፤ ኪኒን በአንድ ጉንጭ ውኃ መዋጥ ግን ይህን አደጋ አያመጣም። አቴኖሎልና መሰሎቹ በየዕለቱ ሲወሰዱ ቆይተው በድንገት ከተቋረጡ ልብ ታግሣ የኖረችውን ፍጥነት ባንድ ጊዜ ታወጣዋለች፤ ስለዚህ ሐኪሙ ካልከለከለ በስተቀር በቀዶ ሕክምናው ጠዋትም ይወሰዳሉ። እንደ ኢናላፕሪል ያሉትን የግፊት መድኃኒቶች ደግሞ በሰመመን ጊዜ ግፊቱ በጣም እንዳይወርድ በዚያው ጠዋት እንዲዘሉ ልንነግር እንችላለን። ስለዚህ አባትዎ መድኃኒቶቻቸውን ሁሉ ከነመያዣቸው በፌስታል ይዘው ይምጡና እያንዳንዱ «ይህን ውሰዱ፣ ይህን ተዉ» ተብሎ ይጻፍላቸው።

ከዚህ ተነሥቶ ግን አቴኖሎል ልብን ይጠብቃል ብሎ ከጎረቤት ተውሶ በቀዶ ሕክምናው ዕለት መጀመር ትልቅ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ፣ ከ8,000 በላይ ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ የዚህን ወገን መድኃኒት በዕለቱ በከፍተኛ መጠን መጀመር የልብ ደም ሥር ተዘግቶ የሚመጣውን ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) አደጋ ቢቀንስም በአንጎል ምት የሚጎዱትንና የሚሞቱትን ሰዎች ቁጥር እንዳበዛ አሳይቷል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ 28 ዓመቱ ነው፤ የተሰበረ እግሩ በብረት ሊታሰር ነው። በየቀኑ ጫት ይቅማል፤ ሐኪሞቹ እንዳይነቅፉት ብሎ ሊደብቅ አስቧል። ይጎዳዋል? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ይጎዳዋል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ልብን ያፈጥናል፣ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ በሰመመን ውስጥ የምንሰጣቸው ኬታሚንና ኤፌድሪንም እንዲሁ ስለሚያደርጉ አንዱ በሌላው ላይ ሊደራረብ ይችላል። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ፣ የልቡ ፍጥነት ከጫቱ መሆኑን ካላወቅን ደም እየፈሰሰው ወይም ሕመም እየተሰማው ነው ብለን የማያስፈልገውን ሕክምና ልንሰጠው መቻላችን ነው። እኔ ታካሚዎቼን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያለውን አንድ ቀን ሙሉ ቢያንስ እንዲተዉ እጠይቃለሁ፤ ባይሆንላቸውም አልቆጣም። ወንድምዎ በቅድመ ሰመመን ምርመራው ላይ በየቀኑ ምን ያህል እንደሚቅምና የመጨረሻውን በስንት ሰዓት እንደቃመ ለሰመመን ባለሙያው ብቻውን ይንገረው። ዘመዶች ቆመው ሲሰሙ የሚያፍር ከሆነ ለጥቂት ደቂቃ ከክፍሉ ይውጡለት፤ እርስዎም ጭምር።