የ«ኢፍ» ዓረፍተ ነገር በጽሑፍ እንግሊዝኛ፦ ጥያቄና መልስ ከሐዋሳ

መምህር፦ ሐዋሳ ውስጥ የተማሪዎችን ድርሰት ለዓመታት ሳርም ቆይቻለሁ፤ ስለ ኮንዲሽናል፣ ማለትም «ይህ ከሆነ ያ ይሆናል» ስለሚለው የ«ኢፍ» ዓረፍተ ነገር፣ የቡድናችን አባላት የምትጠይቁኝን ከነዓረፍተ ነገሩ ጻፉልኝ።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ መምህር፣ «ነገ ከዘነበ አሞራ ገደል አንሄድም» ለማለት «ኢፍ ኢት ዊል ሬይን» ብዬ ብጽፍ ስህተት ነው?

መምህር፦ ስህተት ነው። ዝናቡ ገና የሚመጣ ቢሆንም ከ«ኢፍ» ጋር የሚሄደው የአሁን ጊዜ ግስ ስለሆነ «ኢፍ ኢት ሬይንስ» ብለህ ጻፍ። «ዘነበ» ያለፈ ጊዜ ስለሚመስል «ሬይንድ» የሚሉም አሉ፤ የአማርኛውን ግስ መልክ አትከተሉ።

የሒሳብ ሠራተኛ፦ «ገንዘብ ቢኖረኝ ኖሮ ቤቱን እገዛው ነበር» ታይፕ ቱ ነው ወይስ ታይፕ ስሪ?

መምህር፦ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ዛሬ ገንዘብ የሌለውም፣ አምና ቤቱ ሲሸጥ ያልነበረውም ሰው በአማርኛ ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ እንግሊዝኛ ግን ሁለቱን ይለያቸዋል። የዛሬው (ታይፕ ቱ የሚባለው) «ኢፍ አይ ሃድ መኒ፣ አይ ዉድ ባይ ዘ ሃውስ» ሲሆን የአምናው (ታይፕ ስሪ የሚባለው) «ኢፍ አይ ሃድ ሃድ መኒ፣ አይ ዉድ ሃቭ ቦውት ዘ ሃውስ» ነው። «ሃድ» ተደገመ ብላችሁ አንዱን አትሰርዙ፤ የመጀመሪያው ረዳት ግስ፣ ሁለተኛው ዋና ግስ ነው። ስለዚህ ከታይፑ ቁጥር በፊት «ነገሩ የአሁን ነው ወይስ ያለፈ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። «ኢፍ አይ ዉድ ሃቭ ሃድ» የሚል ድርሰት ግን በየዓመቱ ይመጣልኛል፤ «ዉድ»ን ለዋናው ሐረግ ተዉለት፣ የአማርኛውንም ግስ መልክ አትከተሉ።

አንድ አባል፦ ኮንዲሽናል በአጠቃላይ አይገባኝም፤ ቢያብራሩልኝ?

መምህር፦ ዓረፍተ ነገርዎን ይጻፉ ብያለሁ።

ሁለተኛ አባል፦ እንግሊዛውያን ራሳቸው «ኢፍ አይ ወዝ ዩ» (እኔ አንተን ብሆን) ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እኛን በ«ወዝ» ፈንታ «ወር» በሉ ብሎ ማስጨነቅ ለምን አስፈለገ?

ሦስተኛ አባል፦ ወንድሜ፣ የሰሙት ንግግር ነው፤ የሥራ ማመልከቻ የሚያነብ ሰው ግን እንደ ስህተት ሊቆጥረው ይችላል።

ሁለተኛ አባል፦ ቋንቋ የተናጋሪው ሕዝብ ነው እንጂ የፈታኞች አይደለም።

መምህር፦ ንግግር ውስጥ «ወዝ» መዘውተሩ እውነት ነው፤ ለመደበኛ ጽሑፍ «ኢፍ አይ ወር» ይያዝ። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ «ካልመጣ በስተቀር» ማለት «አንለስ ሂ ደዝ ኖት ካም» ነው?

መምህር፦ አይደለም፤ አሉታው «አንለስ» ውስጥ ስላለ «አንለስ ሂ ካምስ» ይበቃል። «ካልመጣ» ውስጥ ያለው «አል» ነው ያሳሳተህ፤ መልኩን አትከተል ያልሁት ለዚህ ነው።

የሒሳብ ሠራተኛ፦ ኮማስ?

መምህር፦ የ«ኢፍ» ሐረግ ሲቀድም ይገባል፤ ሲከተል አይገባም።