አልፈርምም ያለው ሰውዬ

ልጆቼ፣ እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ አላችሁ። ስሙ ያለበትን ሹራብ ለብሳችሁ ሳያችሁ "ሰውዬው ማን ነበር?" ብዬ እጠይቃለሁ። መልሳችሁ ሳቅ ነው።

ሴፕቴምበር 17 ቀን 1787 (እ.ኤ.አ.) ፊላደልፊያ ላይ 39 ሰዎች የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ሲፈርሙ፣ የቨርጂኒያ ተወካይ የነበረው ሜሰንና ሌሎች ሁለት ሰዎች እዚያው ተቀምጠው አልፈረሙም። ሜሰን ምክንያቱን በረቂቁ ባዶ ገጾች ላይ ጻፈ። መጀመሪያ ያሰፈረው፣ ሰነዱ የመብቶች መግለጫ የለውም የሚል ነው። ከአምስት ቀን በፊት "በጥቂት ሰዓት ይዘጋጃል" ብሎ ጠይቆ ነበር። አንድም ግዛት አልደገፈውም። ሰዉ ደክሞት ቤቱ ናፍቆት ይመስለኛል። በ1791 የመብቶች መግለጫ የሚባሉት አሥሩ የሕገ መንግሥት ማሻሻያዎች ጸደቁ። ዛሬ ሁሉም "መብቴ ነው" ሲል የሚጠቅሰው የዚያን ተሸናፊ ጥያቄ ነው።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሌላው ተቃውሞው ነው። ፕሬዚዳንቱ ራሱ በስውር ወንጀል ያሠራቸውን ሰዎች ይቅርታ አድርጎላቸው የራሱን ጥፋት ቢሸፍንስ? አለ። ከሕገ መንግሥቱ ዋና አርቃቂዎች አንዱ የነበረው ማዲሰን በ1788 መልስ ሰጠ፤ ምክር ቤቱ ይከሰዋል፣ ከሥልጣን ይወርዳል አለ። ወረቀት ላይ ያምራል። በ1992 የፈረንጆች ገና ዋዜማ ላይ፣ ሥልጣን ሊለቅ ሳምንታት የቀሩት ፕሬዚዳንት ትልቁ ቡሽ በኢራን ኮንትራ ጉዳይ (ለኢራን በስውር መሣሪያ ተሸጦ ገንዘቡ ለኒካራጓ አማፅያን በዋለበት ቅሌት) ለስድስት ሰዎች ይቅርታ አደረገ። ነገሩ ሲፈጸም እሱ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበር። ጥፋተኛ ነው አልልም። ግን የትኛው ምክር ቤት በየትኛው ጊዜ ሊከሰው?

ሁሉም ተቃውሞው በደንብ አላረጀም። የንግድ ሕግ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይውጣ ይል ነበር፤ እንኳንም አልሰሙት! የባሪያ ንግድን እያወገዘ ራሱ ብዙ ሰዎችን በባርነት ይዞ ነበር። ይህን ሳልነግራችሁ ባልፍ ዋሸኋችሁ ማለት ነው።

አገር ቤት ዳኛ ሳለሁ፣ ሦስት ሆነን ባስቻልንበት አንድ ጉዳይ አልተስማማሁም ነበር። የልዩነት ሐሳቤን ልጽፍ አስቤ መሸና ከሁለቱ ጋር ፈረምኩ። መዝገቡ ከአእምሮዬ አልወጣም። እናንተ ስትሸነፉ አኩርፋችሁ አትውጡ። የማትስማሙበትን በተራ ቁጥር ጻፉት፣ ቀን አድርጉበት።

የሜሰን ቤት ጉንስተን ሆል ሩቅ አይደለም። ቅዳሜ የምትሄዱ ከሆነ ደውሉልኝ፣ ነዳጁ በእኔ ነው።