ዕድሜዬ እየሄደ ነው ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። «36 ዓመቴ ነው፣ ልጄ 8 ወሯ ነው። ሁለተኛ እፈልጋለሁ፤ አሁኑኑ ላርግዝ ወይስ ልጠብቅ?» ነው ጥያቄሽ። እኔ ሁለቱንም አይቼዋለሁ። አንዷን በላይ በላዩ ወልጃለሁ፣ ሌላውን ደግሞ በጣም አዘግይቼ።

መጀመሪያ ቆጠራውን እናስተካክል። «አራርቆ መውለድ» ሲባል ብዙዎቻችን ከልደት እስከ ልደት እንቆጥራለን። ሐኪሞች ግን የሚቆጥሩት ከወለድሽበት ቀን እስከ ቀጣዩ እርግዝና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ 24 ወር ጠብቁ ሲል በልጆቹ መካከል ወደ 3 ዓመት ገደማ ይኖራል ማለት ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ከረፈደ ነው።

የመጀመሪያውን በ27 ዓመቴ ወለድኩ። እያጠባሁ ነው፣ የወር አበባዬም አልመጣም፣ ስለዚህ አላረግዝም ብዬ ልቤን ጥዬ ተቀመጥኩ። ከሆስፒታል ስወጣም ስለ መከላከያ ያነሳልኝ ሰው አልነበረም። ማጥባት የሚከላከለው ልጁ ከ6 ወር በታች ሆኖ፣ ከጡት በቀር ምንም ሳይቀምስ፣ ቀንም ሌሊትም እየጠባ፣ የወር አበባም ካልመጣ ነው። እኔ ሥራ ስመለስ በ4 ወሩ የዱቄት ወተት ጀምሬለት ነበር። በ5 ወሩ አረገዝኩ።

ሁለተኛዋ በ34 ሳምንቷ ዱብ አለች። 1,900 ግራም። ትንሹ ዳይፐር እስከ ብብቷ ይደርስ ነበር። ለመጥባት አቅም ስላልነበራት የማልበው ወተት በአፍንጫዋ በገባ ቀጭን ቱቦ ነበር የሚሰጣት። ነርሷ ስሪንጁን ከፍ አድርጋ ትይዛለች፣ ወተቱ በራሱ ጊዜ ዝቅ እያለ ይወርዳል። ዓይኔን ከዚያች ስሪንጅ አልነቅልም ነበር። ከዚያ ደረቴ ላይ ገላ ለገላ አድርገው አሰሩልኝ፣ ካንጋሮ የሚሉት ነው። ቤት ስመለስ «ትልቁ» ልጄ፣ ገና ዓመት ያለፈው፣ አኩርፎ እኔ ጋ አልመጣም አለ። ዛሬ ደህና ናቸው፤ ልጅቷ እንዲያውም ወንድሟን በቁመት በልጣዋለች።

መቀራረቡ ብቻ ነው ያመጣው ብዬ አልምልም። አራርቀው ወልደውም ያለ ጊዜው የሚወለድባቸው አሉ። ግን እርግዝናና ማጥባት የሰውነትን አይረንና ፎሌት፣ ለደም የሚያስፈልጉትን ማዕድንና ቫይታሚን፣ ያሟጥጣሉ። ያ ሳይተካ ሌላ ሲጨመር ልጁም ይቀንስበታል። የኔ ሄሞግሎቢን፣ የደም ማነስ የሚለካበት፣ ያኔ 9 ነበር፤ ዝቅ ያለ ነው።

አሁን ወዳንቺ ዕድሜ። በ2018 የወጣ የካናዳ ጥናት ወደ 150,000 የሚጠጉ እርግዝናዎችን አይቷል። ከ35 ዓመት በላይ ሆነው በወለዱ በ6 ወር ያረገዙት ከ1,000 እናቶች 12ቱ ከባድ የጤና ችግር ወይም ሞት ይገጥማቸዋል። 18 ወር ሲጠበቅ ወደ 5 ይወርዳል። ምጥ ቀድሞ መጥቶ ያለ ጊዜው መውለድም ከ6 በመቶ ወደ 3.4 ይቀንሳል። የሚገርመው ከ20 እስከ 34 ያሉት ላይ ይብሳል፤ ከ8.5 ወደ 3.7 ነው የሚወርደው። እኔ «ገና ልጅ ነኝ፣ እችለዋለሁ» ስል የነበረው ከንቱ ነበር ማለት ነው። አጥኚዎቹ በየትኛውም ዕድሜ ከ12 እስከ 18 ወር መጠበቅ ጥሩ ነው ብለዋል።

ዕድሜውስ? እሱም እውነት ነው። ዳውን ሲንድረም በ35 ዓመት ከ350 ልደት አንድ ገደማ፣ በ40 ደግሞ ከ100 አንድ ገደማ ነው። ማርገዙም እየከበደ ይሄዳል። ግን ይህ በዓመታት የሚታይ ለውጥ እንጂ በ6 ወር የሚገለበጥ አይደለም። ስለዚህ እኔ ብሆን 24 ወሩን አልጠብቅም፣ አሁኑኑም አልጀምርም። ልጅሽ ዓመቷን ትለፍና ከዚያ እስከ ዓመት ተኩል ባለው ውስጥ።

በጣም ማዘግየትም የራሱ ጣጣ አለው። ሦስተኛውን በ37 ዓመቴ፣ ከ9 ዓመት በኋላ ነው የወለድኩት። ከ5 ዓመት በላይ ሲቆይ የእርግዝና ደም ግፊት ይጨምራል፤ እኔም በ36ኛው ሳምንት ግፊቴ ወጣ። በ37ኛው ሳምንት ምጥ በመድኃኒት አስጀመሩኝ። 2,800 ግራም ሆኖ እየጮኸ መጣ።

እስከዚያው ፎሊክ አሲድ (ያው ፎሌቱ፣ በእንክብል) በቀን 400 ማይክሮግራም ከአሁኑ ጀምሪ፣ ደምሽንና ግፊትሽን ተለኪ። መከላከያ ስትመርጪ የ3 ወሩን መርፌ ተይው፤ ካቆምሽው በኋላ ለማርገዝ ብዙ ወር ሊያስጠብቅሽ ይችላል። ሞክረሽ በ6 ወር ካልሆነ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ዕድሜ ከ35 በላይ ሲሆን አንድ ዓመት ሙሉ አይጠበቅም።

አንድ ያልጻፍሽው ነገር አለ። በምጥ ነው የወለድሽው ወይስ በኦፕራሲዮን? በኦፕራሲዮን ከሆነ ከማርገዝሽ በፊት ሐኪምሽን አነጋግሪ። ጠባሳው በደንብ ሳይጠነክር ምጥ ከመጣ ማህፀን የመተርተር አደጋ አለው። መልሺልኝና እንቀጥላለን።