«ካርድሽን ብቻ ይዘሽ ነይ» ስለሚል ኮሌጅ

ከአዳማ የጻፍሽልኝን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። ባጭሩ እንዲህ ይላል። 12ኛ ክፍል ተፈትነሽ ከ600 ግማሹ አልመጣልሽም፤ ለሬሜዲያል፣ ማለትም ለዩኒቨርሲቲ ማብቂያው የማካካሻ ትምህርትም፣ አልደረሰልሽም። አባትሽ «ዲግሪ ካልሆነ ቤት ቁጭ በይ» ብለዋል። አረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው ታላቅ እህትሽ እከፍላለሁ ብላለች። አንድ ደላላ ደግሞ «ካርድሽን ብቻ ይዘሽ ነይ፣ ዲግሪ እናስመዘግብሻለን፣ ሌላውን እኛ እንጨርሳለን» የሚል የግል ኮሌጅ አግኝቶልሻል። አንቺም «መስፈርቱ ቀላል የሆነ ጥሩ ኮሌጅ የትኛው ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

እህቴ፣ ቀላል መስፈርት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሕጉ ራሱ ቀላል ያደረገው ነው። የመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሚጠይቅሽ የ12ኛ ክፍል ውጤትሽን፣ ትራንስክሪፕትሽንና መታወቂያሽን ነው። መቁረጫ ነጥቡም ከዩኒቨርሲቲው በጣም ያነሰ ነው። ሁለተኛው ሕጉን አዘልሎ የሚያስገባሽ ነው። ደላላው ያመጣልሽ ይሄኛውን ነው። እኔን ያናደደኝም እሱ ነው።

«ሌላውን እኛ እንጨርሳለን» ማለት ምን ማለት ነው? ማንም የማይጨርስልሽ ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚማር ሁሉ፣ የመንግሥትም ሆነ የግል፣ የመውጫ ፈተና ተፈትኖ 50 በመቶ ማምጣት አለበት። በመጀመሪያው ዙር ከግል ተቋማት ከተፈተኑት ውስጥ ያለፉት ከአምስት አንድ እንኳን አልሞሉም። አራት ዓመት ከፍሎ ያለ ዲግሪ ቤቱ የገባው ልጅ ብዙ ነው። ፈተናውን ብታልፊ እንኳ ቀጣሪው ማስረጃሽን አጣሩልኝ ሲል፣ ማጣራቱ ወደ 12ኛ ክፍል ውጤትሽ ይመለሳል። ስትገቢ መስፈርቱን ካላሟላሽ ዲግሪሽ ዋጋ የለውም። ያን ጊዜ ደላላው ስልክ አያነሳም።

አሁንም ኮሌጁን ሄጄ ልየው ካልሽ፣ ብር ከመክፈልሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። ሬጅስትራር ቢሮ ግድግዳው ላይ በመስታወት የተሰቀለ የእውቅና ፈቃድ ታያለሽ። ብዙ ሰው ማኅተሙን አይቶ ያምናል። አንቺ ግን ቀርበሽ አንብቢው። ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ በጅምላ አይደለም። ለየትኛው ካምፓስ፣ ለየትኛው የትምህርት ዓይነት፣ በየትኛው ደረጃ፣ በመደበኛ ነው በርቀት፣ እስከ መቼ የሚለው ሁሉ ተጽፎበታል። አዲስ አበባ ላለው ካምፓስ የተሰጠ ፈቃድ ለአዳማው አይሠራም። ለአካውንቲንግ የተሰጠው ለፋርማሲ አይሆንም። ስልክሽን አውጥተሽ ፎቶ አንሺው። «ፎቶ ክልክል ነው» ካሉሽ ጥለሻቸው ሂጂ። ካነሳሽው ደግሞ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን «ይህ ፈቃድ ይሠራል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ዲግሪ ሳይሆን በደረጃ የሚሰጥ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ከሆነ ክልሉን ጠይቂ። መጠየቅ መብትሽ ነው።

ስለ አባትሽ በግልጽ ልናገር። አከብራቸዋለሁ፤ በዚህ ነገር ግን ተሳስተዋል። ቴክኒክና ሙያ የወደቀ ሰው መሰብሰቢያ ነው የሚለው ንግግር ስንቱን ልጅ ሥራ አስፈትቷል። ደግሞም የሚከፍሉት እሳቸው አይደሉም። እህትሽ ናት። ሰው ቤት ቆማ ውላ የምታገኘውን ብር፣ ጎረቤት «ልጅህ ምን ትማራለች?» ሲል ለሚመለስ መልስ ማዋል ልክ አይደለም። ይህን ቃል በቃል አንብቢላቸው ብልሽ ደስ ይለኛል። ካልደፈርሽ በሚሰሙት ሰው በኩል ይድረሳቸው።

አሁን ወደ አንቺ። በደብዳቤሽ መሐል የጎረቤት ምጣድ ሲቃጠል ሬዚስታንሱን የምትቀይሪው አንቺ እንደሆንሽ በአንድ መስመር ጠቅሰሽ አልፈሻል። እኔ ከሁሉም በላይ የያዝኩት እሷን መስመር ነው። ማንም ሳያስተምርሽ ያን የምትሠራ ልጅ ዲግሪ ፍለጋ ደላላ ቤት ምን ትሠራለች?

አዳማ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሄደሽ የኤሌክትሪክ ሥልጠና በየትኛው ደረጃ እንዳለ ጠይቂ። ቢሮ ጠይቀሽ ብቻ አትመለሺ፤ ወርክሾፑን አሳዩኝ በያቸው። ማሽኖቹ አቧራ ለብሰው ነው ወይስ ሠልጣኞች ፈታተው እየሠሩባቸው? የተግባር ልምምድ ወዴት እንደሚልኩም ጠይቂ። አዳማ ላይ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ቅርብ ነው፣ ብዙ ሆቴሎችም ጄኔሬተርና ፓምፕ አላቸው። ሲኦሲሽን፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ካለፍሽ ቅጥር ቢዘገይ እንኳ በእጅሽ ሠርተሽ ታድሪያለሽ። እኔም በ10+3 ዘመን፣ ከ10ኛ ክፍል በኋላ ሦስት ዓመት ሙያ ይሠለጠን በነበረበት ጊዜ፣ ኤሌክትሪክ ተምሬ፣ ቴስተር ይዤ ነው ሥራ የጀመርኩት። ዲግሪውን የያዝኩት ኋላ በማታ፣ ከደሞዜ እየከፈልኩ ነው። አንቺም ደረጃ 4 ጨርሰሽ ሲኦሲውን ካለፍሽ ወደ ዲግሪ የሚያስገባ መንገድ አለ። መስፈርቱ ስለሚለዋወጥ ያኔ ባለሥልጣኑን ትጠይቂያለሽ።

የቀሩትን ጥያቄዎችሽን በአጭሩ። በግል ደግሜ ልፈተን ላልሽው፣ ተፈተኚ፤ ግን እየሠለጠንሽ እንጂ ቤት ቁጭ ብለሽ አይሁን። ሐዋሳ አክስትሽ ጋ ሄዶ መማር አሁን አያስፈልግም፤ ቤትሽ አዳማ ነው፣ ኪራይ አትጨምሪ። እንግሊዝኛሽ ደካማ መሆኑ ለዚህ ሥልጠና አያስቀርሽም፤ ማሽን ላይ የተጻፈውን እያነበብሽ ታሻሽዪዋለሽ። «ሴት ልጅ ኤሌክትሪክ?» ለሚሉሽ መልስ አትስጪ።

ለእህትሽ ግን አንቺው ራስሽ ደውይላት፤ በእናትሽ በኩል አይሁን። ለኮሌጅ የተባለውን ብር ለጊዜው እንዳትልክ ንገሪያት። የሚያስፈልግሽ የትራንስፖርት፣ የቱታና የመጀመሪያ መሣሪያ መግዣ ነው፦ ቴስተር፣ ፒንሳና የካቻቢቴ ስብስብ። ዋጋውን ገበያ ወጥተሽ ጠይቂና ቁርጡን ንገሪያት። የቀረውን በስሟ ባንክ ታስቀምጠው።