ግዳጅ ላይ ሆኜ የመሣሪያ ሕጉ ቢቀየርስ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ከሚያገለግሉ ልጆቻችንና ከቤተሰቦቻቸው ናቸው። ጭንቀታቸው ተመሳሳይ ነው። እነሱ ግዳጅ ላይ ናቸው፤ የሚኖሩበት ስቴት የመሣሪያ ሕግ ደግሞ እነሱ በሌሉበት ይቀየራል። ታናሽ ወንድሜ ዘጠኝ ወር ግዳጅ ሄዶ ስለነበር ነገሩን ከቅርብ አውቀዋለሁ። ጠበቃ ግን አይደለሁም። የጻፍኩትን ይዛችሁ ወታደሮቹ «ጃግ» የሚሉትን የካምፑን የሕግ ቢሮ ጠይቁ። አገልግሎቱ ለወታደርም ለቤተሰቡም ነጻ ነው። ዓመቶቹን የጻፍኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

«ጋሼ ሰላም ነዎት? ጅቡቲ፣ ካምፕ ሌሞኒየር ነው ያለሁት። ቤቴ ሲያትል አጠገብ ነው። በ2021 የገዛሁት ኤአር-15 ጠመንጃ ቤት ተቆልፎበታል። ዋሽንግተን ስቴት ይህን መሣሪያ ስለከለከለ ስትመለስ ወንጀለኛ ነህ ይሉኛል ጓደኞቼ። እውነት ነው? እንቅልፍ አጣሁ።»

እውነት አይደለም ወንድሜ። ሕጉ ኤፕሪል 25 ቀን 2023 ሥራ ላይ ውሏል። የከለከለው መሸጥን፣ ማምረትንና ከሌላ ስቴት ማስገባትን ነው። ከዚያ በፊት በሕጋዊ መንገድ የገዛኸውን ይዘህ መቆየት ትችላለህ። ከ10 ጥይት በላይ የሚጎርስ ካዝናም እንደዚሁ ነው። ሽያጩ የቆመው ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ሲሆን፣ በፊት የነበረህ ያንተው ነው። መሣሪያህን ይዘህ ከስቴቱ ወጥተህ ያንኑ ይዘህ ብትመለስም ሕጉ «አስገባህ» አይልህም። ሌላ ስቴት ገዝተህ ብትመጣ ግን ይልሃል። ቴክሳስ ያለ ጓደኛህ «እኔ በስሜ ልግዛልህ» ቢልህም እሺ እንዳትል። ለሌላ ሰው ብሎ በራስ ስም መግዛት የፌደራል ወንጀል ነው።

ዛሬውኑ አንድ ነገር አድርግ። ቤት ያለ ሰው የገዛህበትን ደረሰኝ ፎቶ አንሥቶ ይላክልህ። ቀኑና የመሣሪያው ቁጥር በደንብ ይታይ። ይህ ሕግ የተፈቀደውንና የተከለከለውን የሚለየው በቀን ነው፤ ቀኑን የሚያሳይልህ ደግሞ ያ ወረቀት ነው።

ስትመለስ ሌላ መሣሪያ ልትገዛ ካሰብክ ነገሩ ይለያል። ከ2024 መግቢያ ጀምሮ 10 ቀን መጠበቅ ግድ ነው። ከሜይ 1 ቀን 2027 በኋላ ደግሞ መጀመሪያ የመግዣ ፈቃድ ማውጣት ሊኖርብህ ነው፤ ለዚያም አሻራና የደኅንነት ሥልጠና ይጠየቃል። የመመለሻህን ቀን ከዚህ ጋር አስተያየው።

ለሁላችሁም የምለው አለኝ። ፌስቡክ ላይ «ተከለከለ» የሚል ስታነቡ ሁለት ነገር ጠይቁ። የተከለከለው መሸጡ ነው ወይስ መያዙ? ከመቼ ጀምሮ? የኮሎራዶ ገዢ ኤፕሪል 2025 የፈረሙት ሕግ፣ ለምሳሌ፣ ከኦገስት 1 ቀን 2026 ጀምሮ አንዳንድ መሣሪያዎችን ለመግዛት ሥልጠና ይጠይቃል እንጂ ቤት ያለውን አይነካም። ኢሊኖይ ግን ሌላ ነው። እዚያ በፊት የነበረን መሣሪያ እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ማሳወቅ ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ የአንዱን ስቴት ሰምቶ በሌላው መዝናናትም ሆነ መደንገጥ አያዋጣም።

«በሁለት ወር ውስጥ ወደ ኩዌት እንሄዳለን። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ሽጉጤን ለአክስቴ ልጅ ልስጠው? እሱ በተማሪ ቪዛ ነው ያለው። ወይስ ቤት ልተወው? እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ልጆቼን እየጠበቀችልን ነው፤ ቁልፉን ለሷ ልሰጣት አስቤ ነበር።»

ይህን ጥያቄ ሳነብ ደነገጥኩ። ብዙዎቻችን የምንሠራው ስህተት ነውና። በፌደራል ሕግ በተማሪ ወይም በጉብኝት ቪዛ ያለ ሰው፣ እንደ አደን ፈቃድ ያሉ ጥቂት ሁኔታዎች ካልሆኑ በቀር፣ መሣሪያ መያዝ አይችልም። መያዝ ማለት ደግሞ እጅ ላይ መጨበጥ ብቻ አይደለም። ቁልፉ እሱ ጋ ከሆነ፣ ሲፈልግ ከፍቶ ማውጣት ከቻለ፣ እንደያዘ ሊቆጠር ይችላል። የአክስትህ ልጅ አንተን ለመርዳት ብሎ ትምህርቱንም ቪዛውንም ሊያጣ ነው። እናትህም በጉብኝት ቪዛ ከመጣች እንደዚያው። እሷን ለማስደሰት ያመጣሃት አገር ላይ እንዲህ ያለ ሸክም አታሸክማት።

ባለቤትህ ዜጋ ከሆነች ወይም ግሪን ካርድ ካላት፣ ሌላም የሚከለክላት ነገር ከሌለ፣ ቁልፉ የሷ ብቻ ይሁን። እሷ ካልቻለች መሣሪያ ለማስቀመጥ የሚቀበል ፈቃድ ያለው ነጋዴ ፈልግ። የጦር ክፍልህ በመሣሪያ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ይቀበል እንደሆነም አዛዥህን ጠይቅ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ወንድም ቢኖርህ ግን ዝም ብለህ ወስደህ እንዳትሰጠው። ድልድዩን ስትሻገር ስቴቱ ይቀየራል። በሁለት ስቴት ነዋሪዎች መካከል መሣሪያ ሲተላለፍ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ማለፍ አለበት፤ ለወንድምም ቢሆን። ኩዌት ይዤው ልሂድ ብለህም አታስብ። የግል መሣሪያ ወደዚያ ግዳጅ ይዞ መሄድ በአዛዦች ትእዛዝ የተከለከለ ነው።

ልጆች አሉህና ይህንንም ልጨምር። ቨርጂኒያ ውስጥ የጎረሰ መሣሪያ ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ በሚደርስበት ቦታ በግድየለሽነት መተው ወንጀል ነው።

የደረሰብኝን ልንገርህ። ወንድሜ ሲሄድ የሽጉጡን ሳጥን እኛ ቤት፣ ምድር ቤት አስቀመጠ። ቁልፉን በላስቲክ ጠቅልሎ ሚጥሚጣ ዕቃ ውስጥ ቀበረው። «እዚያ ማን ይነካዋል» አለኝ፤ እኔም አመንኩት። በሦስተኛው ሳምንት የሰባት ዓመቷ ልጄ ጣቶቿ ቀይ ሆነው፣ ቁልፉን ይዛ ሳሎን መጣች። «አባዬ፣ ይሄ የምንድን ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ያን ዕለት ማታ ቁጥር ተጭነው የሚከፍቱት የብረት ሳጥን ገዛሁ። ጥይቱን ለብቻው ቆለፍኩት። የቁጥሩን ነገር ከእኔና ከባለቤቴ ሌላ ማንም አያውቅም።

ከመሄድህ በፊት በወረቀት አስቀምጠው። መሣሪያው የት እንዳለ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነ፣ አንድ ነገር ቢመጣ ማን እንደሚወስን ይጻፍ። ጃግ ውክልናውን ሲያዘጋጅልህ ይህም እንዲካተት ንገራቸው።

«ሕግ ሲያወጡብን እኛ የለንም። ድምፃችን አይሰማም። ይሄ ፍትሕ ነው?»

ብስጭትህ ይገባኛል። ግን ዜጋ ከሆንክ ድምፅህ አልተወሰደም። ከ1986 ጀምሮ በውጭ ያለ ወታደርና ቤተሰቡ በፌደራል ምርጫ ካሉበት ሆነው የመምረጥ መብት አላቸው። ፖስት ካርድ የሚባለውን የፌደራል ማመልከቻ በየዓመቱ ሙላ። በጊዜ ካመለከትክ የምርጫ ወረቀቱ ከምርጫው 45 ቀን በፊት ሊላክልህ ይገባል። የመሣሪያ ሕግ የሚወጣው ደግሞ በብዛት በስቴት ምክር ቤት ነው። ለወረዳህ ተወካይ ከካምፕም ሆነህ መጻፍ ትችላለህ። ዩኒፎርምህንና ማዕረግህን ግን አትጠቀምበት፤ እንደ ዜጋ፣ በስምህ ጻፍ።

«ከግዳጅ ከተመለስኩ ስድስት ወሬ ነው። ሌሊት እባንናለሁ። ሐኪም ጋ መሄድ እፈልጋለሁ፣ ግን ቨርጂኒያ ባወጣችው ሕግ ሽጉጤን ይወስዱብኛል ብዬ ፈራሁ። ሥራዬም ይበላሻል። እህት ነኝ።»

እህቴ፣ ከሁሉም በላይ መመለስ የፈለግኩት ያንቺን ጥያቄ ነው።

በፈቃድሽ ሐኪም ጋ ሄደሽ ማውራት፣ መድኃኒት መውሰድ፣ «የጦር ሜዳ ጭንቀት አለብሽ» መባል፣ በፌደራል ሕግ ብቻውን መሣሪያ አያስከለክልም። የሚያስከለክለው ሥልጣን ያለው አካል ወይም ፍርድ ቤት ያለ ፈቃድሽ ሆስፒታል እንድትገቢ ሲወስን ወይም ራስሽን ማስተዳደር አትችይም ብሎ ሲፈርድ ነው። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ወታደር መሣሪያ የመያዝ መብቱን የሚያጣበት ሌላ ከባድ መንገድ አለ። በቤት ውስጥ ጥቃት፣ በቀላል ወንጀልም ቢሆን፣ የተፈረደበት ሰው ከ1996 ወዲህ የግሉን ብቻ ሳይሆን የሥራ መሣሪያም መያዝ አይችልም።

የቨርጂኒያው ሕግ ጁላይ 1 ቀን 2020 ሥራ ላይ የዋለ ነው። ጎረቤት ወይም ዘመድ ተነሥቶ ማመልከቻ አያስገባብሽም፤ ማመልከት የሚችሉት ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ናቸው። አንድ ሰው ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ መሆኑ ሲታይ መሣሪያው በአስቸኳይ ትእዛዝ እስከ 14 ቀን ይያዛል። ከዚያ ዳኛ ፊት ክርክር ይደረጋል። ዳኛው ካመነበት እስከ 180 ቀን ሊያቆየው ይችላል። እንቅልፍ ማጣት ለዚህ አያበቃም።

አሁን ደግሞ እንደ ታላቅ ወንድም ልናገር። አሜሪካ ውስጥ በመሣሪያ ከሚሞቱት ከግማሽ የሚበልጡት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ራሳቸውን ካጠፉ የቀድሞ ወታደሮች ደግሞ ከ10 ሰባት ያህሉ የተጠቀሙት መሣሪያ ነው። ክፉ ሐሳብ ብዙ ጊዜ መጥቶ ያልፋል። ያን ሰዓት መሣሪያው ከአጠገብ አለመኖሩ ሰው ያተርፋል። ስለዚህ ማንም ሳያስገድድሽ፣ ሌሊቱ እስኪቀልሽ ድረስ ሽጉጡን ከቤት አውጪው። ሕጋዊ መንገዱን ለጃግ ብትጠይቂ ያሳዩሻል። መብትሽን መተው አይደለም፤ ያንቺው ውሳኔ ነው። ለአዛዥ ይደርሳል ብለሽ ከፈራሽ መጀመሪያ የጦሩን ቄስ፣ ቻፕሊን የሚሉትን፣ አነጋግሪ። ቻፕሊን የነገርሽውን ለማንም አይናገርም። ሐሳቡ ከከበደሽ ግን አንድ ሌሊትም አታሳድሪ፤ አሜሪካ ውስጥ ካለሽ ለእንዲህ ያለ ጭንቀት በተዘጋጀው የእርዳታ መስመር፣ 988፣ ደውለሽ 1ን ተጫኚ። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሆንሽ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።

«ከኤል ፓሶ፣ ፎርት ብሊስ ወደ ሜሪላንድ፣ ፎርት ሚድ ተቀይሬያለሁ። ሁለት ሽጉጥና አንድ ኤአር አለኝ። ምን ላድርግ?»

ኤአሩን ይዘህ አትነሣ። ሜሪላንድ ከኦክቶበር 1 ቀን 2013 ጀምሮ ብዙዎቹን የዚህ ዓይነት ጠመንጃዎች ወደ ስቴቱ ማስገባትን ከልክላለች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ጁን 2025 የቀረበለትን ይግባኝ ሳያየው ስለተወው ሕጉ ጸንቶ ነው ያለው። ከመነሣትህ በፊት ቴክሳስ ውስጥ ማስቀመጫ ፈልግለት።

ሽጉጦቹን በ90 ቀን ውስጥ አስመዝግብ። ሌላ ሽጉጥ ስትገዛ ሜሪላንድ የምትጠይቀው የብቃት ፈቃድ የወታደር መታወቂያ ላለው አይጠየቅም። በፌደራል ሕግም ወታደር የቋሚ ምድብ ቦታው ስቴት ነዋሪ ሆኖ ይቆጠራል። መንገድ ላይ ጥይት አውጥተህ፣ ቆልፈህ፣ ከኋላ ጫናቸው። ባራክ፣ ማለትም የካምፑ የወታደር ማደሪያ፣ የምትኖር ከሆነ መኝታ ክፍልህ ውስጥ አይቀመጡም።

«ወንድሜ ማሪዋና ያጨሳል፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሕጋዊ ነው። አልፎ አልፎ ጫትም ይቅማል። የኔን ሽጉጥ እሱ ይጠብቅልኝ?»

አይሆንም። በስቴቱ የተፈቀደ በፌደራል አልተፈቀደም። መሣሪያ ሲገዛ የሚሞላው ቅጽ 4473 ይህንኑ በግልጽ ያስጠነቅቃል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖንም በፌደራል ሕግ ከተከለከሉት አደንዛዥ ነገሮች አንዱ ነው። ሌላ ሰው ፈልግ።

«ልጄ፣ ባለቤቴ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆነ። አሁን ዘመድ በሚጠብቀው ደብረ ማርቆስ ቤታችን ግድግዳ ላይ የአባታቸው ውጅግራ ተሰቅሏል። ልጄ የአሜሪካ ወታደር ሆኖ ጀርመን ነው ያለው። ‹እማዬ፣ የመሣሪያ ሕጉ ጠብቋል አሉ፣ ሳይወስዱት አምጪልኝ› ይለኛል። በሻንጣ ይሆናል?»

እናቴ፣ በሻንጣ እንዳይሞክሩት። ቦሌ ላይ ይያዛሉ፤ በዚህ ዕድሜዎ እስር አይገባዎትም። ልጅዎ የሰማው አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይሆናል። የአዋጁ ዓመት በእኛው አቆጣጠር ነው። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም፣ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። ተቆጣጣሪው ፌደራል ፖሊስ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቤቱን የሚጠብቀው ዘመድ፣ ጠመንጃውን ሳያንቀሳቅስ፣ እዚያው ደብረ ማርቆስ ፖሊስ ሄዶ ስለ ፈቃዱና ስለ ውርሱ ይጠይቅ። መልሱን በጽሑፍ ይቀበል።

ልጅዎም ተስፋ አይቁረጥ። ውጅግራ የምንለው በ1874 የወጣው የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃ ነው። ከ1899 በፊት የተሠራ ከሆነ በአሜሪካ ፌደራል ሕግ እንደ ጥንታዊ ዕቃ እንጂ እንደ ጦር መሣሪያ አይታይም። ግን ዕድሜውን ማስረዳት ይጠበቅበታል። የጀርመን ሕግ ደግሞ ሌላ ነው፤ ወደ ጀርመን ለማስመጣት አያስብ።

ለአሁኑ ያ ዘመድ በብርሃን ፎቶ ያንሣው። ብረቱ ላይ የተቀረጸ ቁጥርና ዓመት ካለ በቅርብ ይታይ። ለልጅዎ ሲልኩለት የባለቤትዎ አባት ጠመንጃውን ከየት እንዳገኙት፣ ማን ከማን እንደወረሰው የሚያውቁትን ሁሉ አብረው ይጻፉለት።