የሚረጋው ዘይት፣ የሐይቁ አልጌና እናንተ

ልጆቼ፣ በተለይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ደርሷችሁ «ይሄን ተምሬ ምን ልሆን ነው?» የምትሉ፣ ትንሽ ላውራችሁ። ዕድሜዬን የገፋሁት ቅባት እህል ስመረምር ነው። አሁንም አልጠገብኩትም።

የሚረጋውን የፓልም ዘይት ታውቁታላችሁ። ደሴ ላይ በማለዳ ብርድ ነጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል፤ ኮምቦልቻ በቀትር ይቀልጣል። ኑግ ግን ደሴም አይረጋም። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ያልፈዋል። እናንተ አትለፉት። ዘይት ማለት ግሊሰሮል በሚባል አንድ ትንሽ ሞለኪውል ላይ ሦስት ፋቲ አሲድ፣ ማለትም ሦስት ረጃጅም የካርበን ሰንሰለት፣ ተያይዞ ነው። ከፓልም ፋቲ አሲዶች ግማሽ ያህሉ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ እንደ ተፈለጠ እንጨት ተጠጋግተው ይከመራሉ፣ ዘይቱም ይረጋል። የኑግ አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ ሁለት ቦታ ደብል ቦንድ (በሁለት ካርበኖች መካከል ያለ ድርብ ማያያዣ) ስላለው ይጎብጣል፣ መጠጋጋት አይችልም። ተልባ ውስጥ የሚበዛው ደግሞ ሦስት ደብል ቦንድ ያለው ነው፤ ዘይቱ አየር ሲያገኘው ቶሎ የሚበላሸውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ተክሉ ታዲያ ይህን ሁሉ ለእኛ መጥበሻ ብሎ አልሠራውም። የፍሬው ዘይት ቡቃያው ቅጠል አውጥቶ ራሱን እስኪችል ስንቁ ነው። ቅጠሉም የራሱ ቅባት አለው፤ ክሎሮፕላስት በሚባለው የቅጠሉ ምግብ መሥሪያ ውስጥ ብርሃን የሚያዝበት ሽፋን በአብዛኛው የተሠራው ስኳር ከተያያዘበት ቅባት ነው። ሌሎች የሕዋስ ሽፋኖች ላይ በሚበዛው ፎስፌት ፋንታ ስኳር መጠቀሙ ተክሉን ስንት ፎስፈረስ እንደሚያተርፈው አስቡት! ብርድ ሲመጣ ደግሞ ተክሉ ሽፋኑ እንዳይረጋበት ደብል ቦንድ ይጨምራል።

አልጌም ይገርመኛል። ናይትሮጅን ሲያጣ ፕሮቲን መሥራት ያቅተዋል፣ መራባቱን ይገታል፣ ብርሃኑ ግን መምጣቱን አያቆምም፤ ስለዚህ ብዙው አልጌ ያንን ካርበን ወደ ዘይትና ወደ ስታርች ይለውጠዋል። ተርቦ ይሰባል ማለት ነው። ዓሣ ውስጥ ያለውን ኦሜጋ ሦስት የሚባለውን ቅባትም ቢሆን ሰው የዓሣ ይለዋል እንጂ ዋናው ምንጩ አልጌ ነው። ሐይቅ ሄዳችሁ ዓሣ ስትበሉ ውሃውንም ዞር ብላችሁ እዩት።

ምክሬ እንግዲህ ይሄ ነው። የመመረቂያ ርዕስ ስትመርጡ እዚህ የሌለ ማሽን የሚጠይቅ ነገር ከኢንተርኔት አትገልብጡ። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ብላችኋል፤ ይህን የአየር ልዩነት ሌላው ዓለም በገንዘብ ነው የሚፈጥረው። የሱፍ አበባ (ሰንፍላወር) ፍሬው በብርድ ሲሞላ ሊኖሌይክ አሲድ ይበዛዋል፣ በሙቀት ሲሞላ አንድ ደብል ቦንድ ብቻ ያለው ኦሌይክ። ይህ የታወቀ ነው። በእኛ ዳገትና ቁልቁለት ላይ ግን ራሳችሁ ለኩት። ፋቲ አሲዶቹን ለይቶ የሚለካውን ጋዝ ክሮማቶግራፊ ካገኛችሁ እሰየው፤ ካጣችሁ የአዮዲን ቁጥር በቲትሬሽን፣ ማለትም ፈሳሽ በጠብታ እየጨመሩ በመለካት፣ ይሠራል። ደብል ቦንድ በበዛ ቁጥር ዘይቱ የሚይዘው አዮዲን ይጨምራል፤ ፓልም 50 አካባቢ ሲሆን ተልባ ከ170 ያልፋል። ኬሚካሉ አደገኛ ስለሆነ ያለ መምህር አትንኩት።

ዘሩን ከአንድ ከረጢት ውሰዱ። ግማሹን ደሴ፣ ግማሹን ኮምቦልቻ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ዝሩት። አፈሩንም ከአንድ ቦታ አምጥታችሁ በበርሜል አድርጉት፤ አለዚያ ልዩነት ስታገኙ ብርዱ ያመጣው ይሁን መሬቱ መለየት አትችሉም። የየቀኑን ሙቀት ጠዋትና ማታ መዝግቡ፣ በተለይ አበባው ረግፎ ፍሬው በሚሞላበት ጊዜ፤ ዘይቱ የሚሠራው ያኔ ነው።